አያ ፈንቴና የነገዋ ዳዶ

ዐቢይ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው አንዲት ጠና ያለች ሴት ከቡሬ ድረስ መጥታ ደጄን አንኳኳች። የሻረግ ትባላለች፤ የቀጥቃጩ የአያ ፈንቴ ልጅ ናት። ወንበር ሳብሁላት፤ ገና ሳትቀመጥ «አባቴ ዐረፉ» አለችኝ።

«እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ።

«መርዶውን ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ነው የመጣሁ። እስከ መጨረሻው የእርስዎን ስም ነበር የሚያነሡ። 'ያ ሰው ቃል ባይቀይርልኝ ኖሮ ልጅም አልወልድ፣ ብስክሌትም አልሠራ' ይሉ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «የጀመሯት ብስክሌት አለች። አንዲት ዳዶ ሳትጠብቅ ቀርታለች። በአርባቸው ዕለት እርስዎ መጥተው በሕዝብ ፊት እንዲያጠብቋት ተናዝዘዋል። እንግዲህ እንዳያስቀሩን።»

ዳዶ ማለት ቡሎንን ጨምድዳ የምትይዝ፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ ብረት ናት። ይህች ቁራጭ ብረት ስለ ምን እንዳስፈራችኝ ለማስረዳት ወደ ጣሊያን ዘመን መመለስ አለብኝ። የምመለሰውም ትዝታዬን ሳላምነው ነው። ሰባ አምስት ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ትዝታ እንደ አሮጌ ምስክር ሆኖብኛል፤ በተጠየቀ ቁጥር ለራሱ የሚስማማውን ይጨምራል። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን እርግጠኛ አይደለሁም እያልኩ እጽፋለሁ።

በዚህ ጽሑፍ አያ ፈንቴን «እሳቸው» እላቸዋለሁ። በዚያ ዘመን ግን «አንተ ፈንቴ» ነበር የምላቸው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበርኩ፤ የእሳቸው ጢም መሸበት ጀምሯል። ነገር ግን ቀጥቃጭ ነበሩ። ቀጥቃጭ በአገራችን ማረሻውና ማጭዱ እየተፈለገ ዐይኑ ይፈራ ነበር፤ ማኅበር አይጠጣም፤ ሽበትም «አንቱ» አያሰኘውም። እሳቸው በአንጻሩ እኔን «ጌታዬ፣ እርስዎ» ይሉኝ ነበር፤ ምክንያቱም የጣሊያን አስተርጓሚ ነበርኩ።

እንዴት አስተርጓሚ እንደሆንኩ መዘርዘሩ ጥብቅና መቆም ይሆንብኛልና በአጭሩ አልፈዋለሁ። ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ቋንቋ ተምሬ ነበር። አገሩ ሲያዝ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ቡሬ ሸሸሁ። ጣሊያኖቹ ይህን ሰምተው ወደ ምሽጋቸው አስጠሩኝ። እምቢ የማለት ድፍረት አልነበረኝም።

በገበያው አናት ላይ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት ተተክሎ ነበር። ምንም ያልተሰቀለበት ቀን እንኳ ሕዝቡ በሥሩ ላለማለፍ የሰው እርሻ ረግጦ ይዞር ነበር። ሰው ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ትቶ ነበር፤ «እንትና እኮ…» ይልና ቀሪውን በአገጩ ይናገራል። የምሽጉ አዛዥ በማዕረጉ ማሬሻሎ ይባል ነበር። ሕዝቡ ግን በበጋም በክረምትም የማያወልቀውን የቆዳ ጓንት አይቶ «ጓንቴ» ብሎታል። ጓንቴ አይጮኽም። ሰው እንዲገደል ሲያዝ እንኳ ውኃ አምጡልኝ በሚል ሰው ድምፅ ነበር። እኔም በዚያው ድምፅ መተርጎም ነበረብኝ፤ ድምፄን ከፍ ባደርግ ያዘንኩ ይመስለዋል ብዬ እፈራ ነበር።

የጣሊያን መልእክተኞች በብስክሌት ይጓዙ ነበር። ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምትባለው፣ ያን ጊዜ ካልተሳሳትኩ ወጀት ትባል ከነበረችው ከተማ የሚያመጣው መንገድ ኮረት ስለሆነ ብስክሌቶቹ ይሰበራሉ። ከቡሬ በታች፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ወዳለው ወደ አያ ፈንቴ ቤት ለጥገና እየተላኩ፣ ትእዛዙን የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ፈጽሞ የተሰባበረው ከምሽጉ ጀርባ ገደል ውስጥ ይጣል ነበር። ጓንቴም ቀጥቃጩ ከዚያ ብረት እየለቀመ ለማረሻና ለማጭድ እንዲያደርገው ፈቀደ። ለማረሻና ለማጭድ አለ እንጂ ለብስክሌት አላለም።

ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ይመስለኛል፣ የቤታቸውን ጎታ ዐቅፈው የያዙት ቀለበቶች የብስክሌት ቸርኬዎች መሆናቸውን ልብ ያልኩ። ቀና ስል ከጣራው ማገር መካከል ጥላሸት የጠጣ የብስክሌት አካል ተጋድሟል።

«ፈንቴ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ቆሻሻ ነው፣ ጌታዬ።»

«ቆሻሻ ጎታ ያቅፋል እንዴ?»

«የፈረንጅ ቆሻሻ ታታሪ ነው» አሉኝ፤ መዶሻቸውን ሳያቆሙ።

ባለቤታቸው ይመኙሻል ከደጃፉ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንዝርቷ ቆመ። ዐይኗ እኔን ሲያይ በውስጡ የነበረውን ነገር ዛሬ በትክክል ለመግለጥ ይቸግረኛል። ብስክሌት የያዘ ሐበሻ የአርበኞች መልእክተኛ ነው ተብሎ እንደሚገደል እሷም እኔም እናውቃለን። ለጓንቴ አልተናገርኩም። ይህ እንደ ጀግንነት እንዳይቆጠርልኝ፤ ብናገር «እስከ ዛሬ እንዴት አላየህም?» የሚለኝን ፈርቼ ነው።

ብስክሌቷ የምትሠራው ለየኔታ ነበር። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ አውሮፕላን በገበያ ላይ በጣለው ቦምብ ግራ እግራቸው ቆስሎ ደርቆ ቀርቷል። ደቀ መዛሙርታቸው ያሉበት ደብር ከሜዳው ማዶ፣ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። በቅሏቸው ለጣሊያን ጭነት ተወስዳለች። ተማሪዎቻቸው ለጥቂት ጊዜ በቃሬዛ አመላለሷቸው፤ ኋላ ግን ጣሊያኖቹ በቃሬዛ የሚሄደው ሁሉ የቆሰለ አርበኛ እየመሰላቸው ተኩስ ከፈቱ። የኔታ ከቤት ዋሉ።

«የኔታ ማስተማር የተዉ ቀን ይሞታሉ» ይሉ ነበር አያ ፈንቴ። «እኔ ደግሞ ከእጄ ውኃ ተቀብሎ የሚጠጣ ሌላ ሰው የለኝም።»

የኔታን በክር የለኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ማረሻ ለማሳል የመጡ ሁለት ገበሬዎች ነበሩ። አያ ፈንቴ ክሩን ከየኔታ ዳሌ እስከ ተረከዝ ሲዘረጉ አንደኛው ገበሬ አማተበ።

«የኔታ፣ ኧረ ቀጥቃጭ በክር አይለካዎት! ጥላዎን ይወስደዋል!»

«ይውሰደው» አሉ የኔታ፤ «እግሬን የወሰደው ጥልያን ነው፣ ጥላዬን ዘመዴ ቢወስደው ምን አለበት? ፈንቴ፣ ወርዴንም ለካ። ለመገነዣ ይጠቅማል።»

«ለመገነዣ የሚለካ ዝም ይላል፣ የኔታ። እርስዎ ገና ክሩ ሲነካዎት ይጮኻሉ።»

ሌላው ገበሬ ሳቁን መያዝ አቃተው። «አንተ ፈንቴ፣ ማረሻዬን ትተህ የሸረሪት በቅሎ ትቀልባለህ፤ ጥልያን ቢያይህስ?»

«ቢያየኝማ የገዛ ጥራጊውን ነው የሚያይ» አሉ አያ ፈንቴ።

ሳቁ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ከላይ ከመንገዱ የካሚዮን ድምፅ ተሰምቶ ነበር። ካሚዮኑ አልፎ እስኪሄድ ድረስ አራቱም ሰዎች ቁልቁል እያዩ ቆሙ። ክሩ በየኔታ ጉልበት ላይ እንደተወጠረ ቀረ።

የብስክሌቷ ቀኝ መርገጫ የቆዳ እርካብ ነበረው፤ የኔታ በአንድ እግር ሲረግጡም ሲስቡም እንድትሄድላቸው። ከመንኰራኩሩ እምብርት ወደ ቸርኬው የሚዘረጉት ቀጫጭን ሽቦዎች ራጂ ይባላሉ፤ ከሦስት አራት ስብርባሪ የተለቀሙ ስለሆኑ ርዝመታቸው አይገጥምም። እያንዳንዱን ቆርጦ ጫፉን እንደገና ማጥረስ አንድ ሙሉ ቀን ይወስድ ነበር። አንድ ሰው፣ በማንኛውም ቀን ሊሰቀል እያወቀ፣ በየቀኑ አንዲት ራጂ ለመሥራት ምን ያስነሣዋል? ጠየቅኋቸው።

«ፈንቴ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም? እኔ ብዕር ስይዝ ይንቀጠቀጣል።»

«እንዴታ፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ። መዶሻ ስጨምርበት ግን ሥራ ይመስላል።»

ከዚያ አመላቸውን ነገሩኝ። ጀምበር ስትጠልቅ ሥራቸውን ፈጽመው አይጨርሱም። ሁልጊዜ አንዲት ዳዶ ላላ አድርገው ይተዋሉ፤ «የነገዋ» ይሏታል።

«ሥራዬን ጨርሼ የተኛሁ እንደሆነ፣ ጌታዬ፣ ጧት ስነሣ የሚጠብቀኝ ፍርሃት ብቻ ነው። የነገዋን ትቼ ካደርኩ ግን እሷ ትጠራኛለች። 'ተነሥ እንጂ፣ ጀምረኸኛል' ትለኛለች። ፍርሃት እዚያው ይቀመጥ፣ እኔ ዳዶዬን ላጥብቅ ብዬ እነሣለሁ። እሷን ካጠበቅሁ ወዲያ እጄ ሥራ ውስጥ ገብቷል፤ አይመለስም።»

ኋላ አዲስ አበባ ተመልሼ በዩኒቨርሲቲ ካስተማሩኝ ሰዎች አንዱም የዚህን ያህል የሚጠቅም ነገር አልነገረኝም። ያን ጊዜ ግን ተራ የቀጥቃጭ አመል መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የደረሰው ጣሊያን ቡሬን በያዘ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ዓመት፣ በበጋ፣ ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ብስክሌቷ ልታልቅ ተቃርባ፣ ተገጣጥማ ከግቢው መካከል ቆማ ነበር። አያ ፈንቴ መፍቻቸውን አስቀምጠው ሲነሡ አየሁ፤ የዚያን ዕለት የነገዋ የፊተኛው መንኰራኩር ዳዶ ነበረች። ይህን በዐይኔ ስላየሁ አልጠራጠረውም። በዚያው ቅጽበት ጓንቴ ከአጥሩ ማለፊያ ብቅ አለ። ካሚዮኑን ከላይ መንገዱ ላይ አቁሞ፣ ሁለት ባንዶቹን ከዚያው ትቶ፣ በእግሩ ነበር የወረደው። አንዳችንም አልሰማነውም።

ብስክሌቷን ዞሮ ዞሮ አያት። ከስንት ስብርባሪ እንደተሠራች ገብቶታል። በጓንቱ እርካቡን ነካ አደረገና «የማን ናት?» አለኝ።

«ለአንድ ሽባ ካህን ነው ይበሉት» አሉ አያ ፈንቴ። ተረጎምኩ። ጓንቴ ሳቀ። ከዚያ እግሩን አንሥቶ ወጣባት፤ ቀኝ እግሩንም እስከ ቁርጭምጭሚቱ እርካቡ ውስጥ አስገባ። ኮርቻዋ ለየኔታ ቁመት ስለተሠራች ጉልበቱ እስከ ደረቱ ይደርስ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። ፊቱን ወደ ወንዙ ቁልቁለት አዞረ።

አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ጌታዬ፣ የፊተኛዋ ዳዶ ላልታለች! ይንገሩት!»

አፌን ከፈትኩ። በዚያች አጭር ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ ማስታወሴ ይገርመኛል። ብናገር «ስለ ምን ላላች?» ይላል፤ ወጥመድ ነው ይላል፤ አንተስ በምን አወቅህ ይላል። ባልናገር ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ መንኰራኩሩ ይወልቃል፣ እግሩ እርካብ ውስጥ ነው፣ ድንጋይ ላይ ይከሰከሳል፣ በማግሥቱ ቡሬ ይቃጠላል። ሁለቱንም አየሁ።

«ንገረው እንጂ!» አሉኝ። «አንተ» ሲሉኝ የመጀመሪያው ነበር።

አልነገርኩትም። ብስክሌቷ መንቀሳቀስ ጀመረች። አያ ፈንቴ መፍቻቸውን አንሥተው ሮጡና መሪዋን ከፊት ያዟት። ጓንቴ ከነብስክሌቷ ወደ ጎን አቧራው ላይ ተጋደመ። እግሩን ከእርካቡ አላቅቆ ሲነሣ ሽጉጡ በእጁ ነበር። እሳቸው ግን ሽጉጡን አላዩም። ተንበርክከው ዳዶዋን ያጠብቁ ነበር። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዞረች። ከዚያ ተነሥተው እጃቸውን በቁምጣቸው ላይ ጠረጉና «አሁን ይሂድ» አሉ።

ባንዶቹ ከላይ እየሮጡ ወረዱ። ጓንቴ ዳዶዋን ጎንበስ ብሎ አያት፤ ሽጉጡን አልከተተም። ነፍሱን እንዳተረፉለት የገባው ይመስለኛል። ነገር ግን በሐበሾች ፊት አቧራ ላይ ተጋድሟል። በዚያው ውኃ በሚያስመጣ ድምፁ ሦስት ቃላት ተናገረ። ባንዶቹ ጣሊያንኛ አያውቁም፤ እኔን አዩኝ። እኔም አቧራውን እያየሁ፣

«ቀኝ እጁን» አልኳቸው።

ብረት በሚቀጠቅጡበት በገዛ መስፋቸው ላይ አድርገው በሰደፍ ሰበሩት። ይመኙሻል እንዝርቷን እስከ መጨረሻው በጡጫዋ ይዛው ነበር። ጓንቴ ብስክሌቷን ራሱ እየነዳ በቁልቁለቱ ወረደ። ዳዶዋ አልወለቀችም።

ለብዙ ሳምንት ወደዚያ ቤት አልሄድኩም። ሊረግሙኝ ነው፣ ወይም በአርበኞች ሊያስገድሉኝ ነው እያልኩ ከጥላዬ ስደነግጥ፣ በገበያው ሌላ ወሬ ሰማሁ። ቀጥቃጩ ለሰው ሁሉ፣ «ጓንቴ 'ግደሉት' ነው ያለ። 'እጁን' ብሎ የቀየረው ያ ወጣት ነው። ስለ ዳዶዋ መናገር ፈራ፤ ማን የማይፈራ አለ? ስለ ነፍሴ ግን አልፈራም» እያሉ ይናገራሉ። ሕዝቡም በሩቁ አንገቱን ዝቅ እያደረገ እጅ ይነሣኝ ጀመር።

በመጨረሻ ሄድኩ። አያ ፈንቴ ወደ ገደሉ ተመልሰው ሌላ ስብርባሪ ለቅመዋል፤ ራጂውን በጉልበታቸው መካከል አጣብቀው በግራ እጃቸው ይሞርዱ ነበር። ቀኙ እንደ ደረቀ ሐረግ ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ።

«ልጄ፣ መጣህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ሆንኩ።

«ፈንቴ፣ ለምን ሮጥክ? ጓንቴ ቢሞት ቡሬ ይቃጠላል ብለህ ነው?»

«እሱስ ልክ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ ያሰብኩት ዳዶዋን ነው። ሳላጠብቃት ልትሄድ ነበር እኮ! ከእጄ የወጣ ሥራ ሰው ሲገድል ልይ?» ከዚያ አዲሱን ቸርኬ አሳዩኝ። ላላ ባለችው ዳዶ ላይ ቀይ ክር ታስሮባታል። «ከእንግዲህ የነገዋን ማንም ያውቃት ብዬ ነው። አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።» ብለው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ስወጣ ይመኙሻል እስከ አጥሩ ሸኘችኝ።

«እውነት ቀይረውት ነበር?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ዐይኔን ወደ ወንዙ መለስኩ። እሷም ይህን እንደ መልስ ተቀበለችው።

«እንግዲያው ለእሱ አይንገሩት» አለች። «አንድ ሰው ቆመልኝ ብሎ ነው ግራ እጁ ሥራ የለመደች። ይህን ካፈረሱበት አይነሣም።»

አልነገርኳቸውም። ጣሊያን ቡሬን ለቆ በወጣ ሰሞን የኔታ ሁለተኛዋን ብስክሌት ነድተው ሜዳውን አቋረጡ፤ ተማሪዎቻቸው «የኔታ፣ ልጓሙን ይያዙ!» እያሉ ሲሮጡ፣ እሳቸው «ልጓም የላትም! ጸሎት ብቻ ነው ያላት!» እያሉ ይጮኹ ነበር። አያ ፈንቴ ከዚያ በኋላ እግር ለጎደለው ሁሉ በክር እየለኩ፣ በግራ እጃቸው ሲሠሩ ኖሩ። ወደ ቡሬ በሄድኩ ቁጥር ያንኑ ታሪክ በፊቴ ለሰው ይነግሩልኛል። ይመኙሻል በሕይወት ሳለች፣ ያ ታሪክ ሲጀመር ተነሥታ ወደ ውጭ ትወጣ ነበር።

ነገሩ እየቆየ ሲሄድ ደግሞ የሚያስፈራኝ ሌላ ሆነ። ታሪኩን ደጋግሜ ከመስማቴ የተነሣ ጓንቴ በእርግጥ «ግደሉት» ሲል፣ እኔም በእርግጥ ስቀይረው ማየት ጀመርኩ። አንዳንድ ቀን እውነት ይመስለኛል። ስለዚህ ዘወትር ወደ እነዚያ ሦስት የጣሊያንኛ ቃላት እመለሳለሁ፤ ከትዝታዬ ሁሉ ያልተለወጡት እነሱ ብቻ ናቸውና።

አርባቸው ቀርቧል። እሄዳለሁ። ቀይ ክር የታሰረባትን ዳዶ ከመንካቴ በፊት ግን ይህን ጽሑፍ በየሻረግና በሕዝቡ ፊት አነበዋለሁ፤ ካነበብኩ በኋላ መፍቻውን ይስጡኝ ወይም ይንሡኝ፣ የእነሱ ፈንታ ነው። ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ሌላውን ሁሉ ጽፌ፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ትቼ ተኛሁ። ዛሬ ጧት እሷ ቀሰቀሰችኝ።

ቃሉን አልቀየርኩትም፤ ጓንቴ ያለው «ቀኝ እጁን» ነበር፣ እኔም እንዳለው ተረጎምኩት።

እጄ ይንቀጠቀጣል። ብዕር ሲጨመርበት ግን ሥራ ይመስላል።